የፈረሙት ሰዎች ስም አለ፦ ወደ ሃዋይ ለምትሄዱ ወገኖቼ ግልጽ ደብዳቤ

ወገኖቼ፣ ሰላም ናችሁ?

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ለምትኖሩ፣ ለጫጉላም ሆነ ለእረፍት ወደ ሃዋይ ትኬት ለቆረጣችሁ ሐበሾች ነው። ሠርግ ለምታዘጋጁም፣ በየከተማው የኮሚዩኒቲ ማኅበር ለምትመሩም ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የዘመድ ሠርግ ነበረን። ከመልሱ ማግስት ለወጣቶቹ «የሃዋይ ምሽት» ተዘጋጀ። ሚዜዎቹ ከርካሽ ዕቃ መሸጫ የተገዛ የፕላስቲክ ሣር ቀሚስ በልብሳቸው ላይ አሰሩ። ለሁላችንም የፕላስቲክ አበባ አንገታችን ላይ ተጠለቀልን። አንዷ ወገቧን እያወዛወዘች «አሎሃ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ይህን በደንብ አውቃለሁ። እኔ ግን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ሆኖሉሉ ሄጄ አንድ የአልጋ ልብስ አይቼ ነበር። ያ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ሆኖሉሉ መሐል ከተማ ኢኦላኒ የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። ተሠርቶ ያለቀው በ1882 ነው (እዚህ ደብዳቤ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያሠሩት ንጉሥ ካላካዋ ናቸው። በ1881 ዓለምን ዞረው የተመለሱ ንጉሥ ናቸው፤ ዙፋን ላይ እያለ ምድርን የዞረ የመጀመሪያው ንጉሥ እሳቸው ናቸው። ቤተ መንግሥታቸው ኤሌክትሪክ መብራት ሲበራለት ዋይት ሐውስ ገና አልበራለትም ነበር። አስጎብኚዎቹ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት አለ። ደግሞም ይገባቸዋል።

ፎቁ ላይ አንድ ክፍል አለ። የንጉሡ እህትና ወራሽ፣ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ፣ በ1895 ለስምንት ወር ያህል እዚያ ታስረዋል። በገዛ ቤተ መንግሥታቸው! ችሎቱ የተሰየመውም ታች፣ በገዛ ዙፋን አዳራሻቸው ውስጥ ነው፤ የፈረደባቸውም ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው። ጋዜጣ እንዳያነቡ ተከልክለው ነበር። ከአትክልት ቦታቸው ግን አበባ ይመጣላቸዋል፤ አበባው የሚጠቀለለው ደግሞ በጋዜጣ ነው። ንግሥቲቱ አበባውን ፈትተው፣ የተጨማደደውን ወረቀት ዘርግተው ያነቡ ነበር። የአገራቸውን ዜና የሚያገኙት እንዲህ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሆነው አብራቸው ከነበረችው ሴት ጋር የአልጋ ልብስ መስፋት ጀመሩ። ዛሬ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ከሐርና ከከፈይ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከሌላው አይመሳሰልም። የመንግሥቱ ባንዲራ ተሰፍቶበታል። መሐሉ ላይ በክር የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ መቼ እንደታሰሩ፣ የት እንደታሰሩ፣ መቼ እንደተፈቱ ይናገራል። የእኛ እናቶች ጥልፍ ሲጠልፉ ያየ ሰው እዚያ ፊት ቆሞ እንባው ባይመጣ ይገርመኛል። ወረቀት ቢጽፉ ሊወሰድባቸው ይችላል፤ መርፌና ክር ግን ማንም አልጠረጠረም ብዬ አሰብኩ። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው።

እንግዲህ የሠርጉ ማታ አንገቴ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሲጠለቅ ትዝ ያለኝ ያ በጋዜጣ የተጠቀለለ አበባ ነው።

ብዙዎቻችን ሃዋይን የምናውቀው እንደ ባሕር ዳርቻ ነው። ሆቴል፣ አሸዋ፣ ፎቶ። አገር እንደነበረ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? አገር ነበር ስላችሁ እንዲያው ለማለት አይደለም። በ1840 የተጻፈ ሕገ መንግሥት ነበረው። በኖቬምበር 28 ቀን 1843 እንግሊዝና ፈረንሳይ ነጻ አገር መሆኑን በጋራ አውጀውለታል፤ ያ ቀን የነጻነት በዓላቸው ነበር፤ ዛሬም የሚያከብሩት አሉ። አሜሪካም ከዚሁ መንግሥት ጋር እንደ አገር ከአገር ውል ተፈራርማለች። በውጭ አገር ቆንስሎች ነበሩት። እኔ ራሴ አሥር ዓመት እዚህ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ታዲያ እንዴት ተወሰደ? ባንድ ቀን አይደለም። ካፒቴን ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ በ1778 ደረሰ። ከእሱና ከተከተሉት መርከቦች ጋር በሽታ መጣ። አባላዘር፣ ኩፍኝ፣ ፈንጣጣ። እነዚያን በሽታዎች ሰውነታቸው አያውቃቸውም። ያኔ ሕዝቡ ስንት ነበር የሚለው ምሁራኑን እስካሁን ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በመቶ ሺዎች ነው። በ1890 ግን የተቆጠሩት የአገሩ ተወላጆች 40 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። እያንዳንዱ ቤት ሐዘን ላይ ነበር ማለት ነው። ንጉሥ ካሜሃሜሃ ሁለተኛና ባለቤታቸው እንኳ በ1824 ለጉብኝት ለንደን ሄደው በኩፍኝ እዚያው አረፉ፤ የተመለሰው አስከሬናቸው ነው።

ሕዝቡ እንዲህ በሐዘን ላይ ሳለ ነው የመሬቱ ነገር የተከተለው። ድሮ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ነበር። ከተራራ እስከ ባሕር የተዘረጋ ቁራጭ መሬት ነበራቸው፤ አሁፑአአ ይሉታል። ላይ ያለው ሰው እንጨትና ውሃ አለው፤ ታች ያለው ዓሣና ጨው አለው፤ ይለዋወጣሉ። በ1848 መሬቱ በንጉሡ፣ በመኳንንቱና በመንግሥት መካከል ተከፋፈለ፤ በ1850 ደግሞ የውጭ ሰው መግዛት እንዲችል ተፈቀደ። ተራው ገበሬ የራሱን ይዞታ ጠይቆ ማስመዝገብ ነበረበት። ማስቀየስ አለ፣ ምስክር ማቅረብ አለ፣ ቀነ ገደብ አለ። በመጨረሻ ለተራው ሕዝብ የደረሰው ከጠቅላላው መሬት መቶ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ስለ ርስት ክርክር እየሰማ ላደገ አበሻ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መሬቱ ላይ ሸንኮራ አገዳ ተተከለ። ስኳሩን የሚገዛው አሜሪካ ነው። በ1875 በተፈረመ ውል ስኳሩ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መግባት ቻለ፤ የእርሻ ባለቤቶቹ በጣም ከበሩ። ውሉ ሲታደስ አሜሪካ ፐርል ሃርበርን የባሕር ኃይሏ ብቻ እንዲጠቀምበት አገኘች። በ1887 የታጠቀ የነጮች ሚሊሺያ ከኋላቸው ያሰለፉ ሰዎች ንጉሥ ካላካዋን አስገድደው አዲስ ሕገ መንግሥት አስፈረሟቸው። ሕዝቡ እስካሁን «የሳንጃ ሕገ መንግሥት» ይለዋል። የንጉሡን ሥልጣን ገፈፈ፤ የመምረጥ መብትን በሀብት ገደበ። ብዙ የአገሬው ሰው በገዛ አገሩ ድምፅ መስጠት ተከለከለ፤ ዜጋ ያልሆነ ሀብታም አሜሪካዊና አውሮፓዊ ግን መምረጥ ቻለ።

ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በ1891 ሲነግሡ ሕዝቡ ይህን ሕገ መንግሥት ይቀይሩልን እያለ ይለምናቸው ነበር። በጃንዋሪ 1893 ሊቀይሩ ሲነሱ እሳቸውን ለማውረድ 13 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚያ የነበረው የአሜሪካ መልዕክተኛ ጆን ስቲቨንስ ኮሚቴውን ደገፈ። ጃንዋሪ 16 ቀን ቦስተን ከምትባለው የጦር መርከብ ከ160 በላይ የታጠቁ መርከበኞች ወርደው ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ሰፈሩ። በማግሥቱ መንግሥቱ ወደቀ። ንግሥቲቱ ደም እንዳይፈስ ብለው ለቀቁ፤ ግን ለኮሚቴው አልገበሩም። የምለቀው ለአሜሪካ ኃይል ነው፣ አሜሪካም እውነቱን ስታውቅ ትመልስልኛለች ብለው በጽሑፍ ተቃውሟቸውን አስመዘገቡ። ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ መርማሪ ላኩ፤ ጉዳዩን ካዩ በኋላም በደል መፈጸሙን ለኮንግረስ ተናገሩ። ከመናገር ግን አላለፈም። ወንበሩ አልተመለሰም። ኮሚቴውና ደጋፊዎቹ በ1894 ራሳቸውን ሪፐብሊክ አሉ። በ1895 መጀመሪያ የንግሥቲቱ ታማኞች መሣሪያ ይዘው ተነሥተው ሳይሳካ ቀረ፤ ንግሥቲቱ የታሰሩት ያኔ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ የነገሥታትና የመርከብ ታሪክ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው።

በ1897 የዋሺንግተን መንግሥትና ያ ሪፐብሊክ ሃዋይን ከአሜሪካ ጋር ለመቀላቀል ውል ተፈራረሙ። ውሉ የሚጸድቀው የአሜሪካ ሴኔት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበለው ነው። የአገሬው ሰው ማኅበራት ይህን አወቁ። ትልቁ ማኅበር «ሁይ አሎሃ አይና» ይባላል። ሁይ ማኅበር ነው። አሎሃ ፍቅር ነው። አይና ደግሞ መሬት፣ አገር። ገጣጥሙት እስቲ። የሀገር ፍቅር ማኅበር! ቃል በቃል። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 አዲስ አበባ ላይ እኛ ያቋቋምነው፣ ኋላም ሀገር ፍቅር ቴአትር የሆነው ማኅበር ስም ማለት ነው። አርባ ዓመት ያህል ቀድመው፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሐል፣ ያው ስም። ይህን ያወቅኩ ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ማኅበሩ የወንዶች ክፍል አለው፣ የሴቶችም ክፍል አለው። የሴቶቹን ክፍል የሚመሩት አቢጌል ኩአይሄላኒ ካምቤልና ኤማ ናዋሂ ሌሎችንም ይዘው ከደሴት ደሴት በመርከብ እየዞሩ ፊርማ ሰበሰቡ። በየመንደሩ ስብሰባ ተጠራ። ሰው በእግሩ እየመጣ ፈረመ። ጥቂት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 556 ገጽ ሞላ፤ ከ21,000 በላይ ፊርማ። ተወላጁ በሙሉ ሕፃን ሽማግሌው ተደምሮ 40 ሺህ ገደማ መሆኑን አትርሱ።

ገጾቹ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። እኔ ከልጄ ጋር አይቻቸዋለሁ። መስመር የተሰመረበት ወረቀት ነው። ከላይ በሃዋይኛ መቃወሚያ መሆኑ ተጽፏል፤ «ኩኤ» የሚለው ቃል መቃወም ማለት ነው። የወንዶቹ ገጽ ለብቻ፣ የሴቶቹ ለብቻ ነው። ስም፣ ከጎኑ ዕድሜ። አንዱ እጅ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የተንቀጠቀጠ። ልጄ ጣቷን እያስኬደች ዕድሜዎቹን ብቻ ስታነብ ቆየች። «እማዬ፣ ይቺ እንደ አያቴ ናት» አለችኝ አንዷ ጋ ስትደርስ።

አራት መልዕክተኞች ወረቀቱን ተሸክመው በ1897 መጨረሻ ዋሺንግተን ደረሱ። ንግሥቲቱም እዚያ ነበሩ። ከሴናተር ሴናተር ቢሮ እየዞሩ አነጋገሩ። ውሉ የሚያስፈልገውን ድምፅ አላገኘም! ተሳክቶላቸው ነበር። ግን በ1898 ከስፔን ጋር ጦርነት ተነሣ፤ ወደ ፊሊፒንስ ለሚሄዱ መርከቦች መቆሚያ ተፈለገ። ያኔ ውሉን ትተው ተራ አብላጫ ድምፅ በሚበቃው የምክር ቤት ውሳኔ አሳለፉት። ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ ጁላይ 7 ቀን 1898 ፈረሙበት። ኦገስት 12 ቀን በኢኦላኒ ቤተ መንግሥት የሃዋይ ባንዲራ ወረደ።

ወረቀቱ ዋሺንግተን ማኅደር ቤት ገብቶ ቀረ። በደሴቶቹ ላይ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ሕዝቡ ሳይቃወም ወደ አሜሪካ ገባ እየተባለ ተማረ። ለመቶ ዓመት ያህል። ከዚያ በ1990ዎቹ ኖኤኖኤ ሲልቫ የምትባል ሃዋያዊት ተመራማሪ ያን ፊርማ ከማኅደሩ አወጣችው። ቅጂው አገሩ ሲገባ ሰው የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየፈለገ አገኘ። አያቶቻቸው ዝም አላሉም ነበር። ፈርመዋል። በስማቸውና በዕድሜያቸው።

ከስም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አበሾች እዚህ ስንመጣ መጀመሪያ የሚገጥመን የስም ጣጣ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «የቤተሰብ ስምሽ?» ተባልኩ። የለኝም፣ ይህ የአባቴ ስም ነው አልኩ። አልገባቸውም። በቃ ተጻፈ። ዛሬ ባለቤቴ አንድ ስም፣ እኔ ሌላ ስም፣ ልጆቼ ሌላ ስም ሆነን ኤርፖርት ላይ እንጠየቃለን። ሃዋይ ደግሞ በ1860 ሕግ ወጣ። ሕፃናት የክርስቲያን መጠሪያ ስም ይኑራቸው፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይሁን፣ ያገባች ሴት የባሏን ስም ትያዝ አለ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሰው የራሱ አንድ ስም ነበረው፤ ስሙ ሕልም፣ ሐዘን፣ የትውልድ ሐረግ የተሸከመ ነው። የሃዋይኛው ስም መሐል ገብቶ ተደበቀ። ያ ሕግ የተሻረው በ1967 ነው። ዛሬ ሃዋይ ውስጥ የምታገኙት ሰው ደረቱ ላይ የፈረንጅ ስም ቢለጠፍም መሐል ላይ ረጅም የሃዋይኛ ስም ይኖረው ይሆናል። ሲነግራችሁ ረዘመ ብላችሁ አትሳቁ። ድገመው በሉት። እኛ ስማችን ሲቆራረጥ የሚሰማንን እናውቀዋለን አይደል?

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ፊደሉን ያመጡላቸው በ1820 ከቦስተን የመጡ ሚስዮናውያን ናቸው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን ፊደሉን ሕዝቡ የራሱ አደረገው። በ1834 የመጀመሪያው የሃዋይኛ ጋዜጣ ወጣ፤ በ1861 ደግሞ ያገሩ ልጆች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ጋዜጣ ጀመረ፤ በጠቅላላው ከመቶ በላይ ጋዜጦች ታትመዋል። ተረት፣ ግጥም፣ የትውልድ ሐረግ፣ የፖለቲካ ክርክር፣ የሞተ ሰው ሙሾ ሁሉ እየተጻፈ ይወጣ ነበር። ሰዉ ያነብ ነበር፤ ያ ሁሉ ፊርማ ከየት መጣ ትላላችሁ? ከዚያ በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ ሪፐብሊኩ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣ። ልጆች ትምህርት ቤት በቋንቋቸው ሲናገሩ ተገረፉ። የተገረፈ ልጅ አድጎ ልጁን በዚያ ቋንቋ አያናግርም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒኢሃው ከምትባለው ትንሽ ደሴት ውጭ አፉን በሃዋይኛ የፈታ ልጅ ማግኘት ብርቅ ነበር።

በ1983 ጥቂት አስተማሪዎችና ወላጆች ተሰብስበው «ፑናና ሌኦ» የሚባል ማኅበር መሠረቱ፤ በ1984 የመጀመሪያውን የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። የድምፅ ጎጆ ማለት ነው፤ እንደ ወፍ ጎጆ። አያቶች እየመጡ ከሕፃናት ጋር ያወራሉ፤ እንግሊዝኛ በሩ ላይ ይቀራል። ሲጀምሩ ሕጉ ገና አልተሻረም ነበር። ዛሬ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በሃዋይኛ ተምሮ ሂሎ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መዝለቅ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አማርኛ ልታስተምሩ የምትነሡ ወላጆች፣ ልጁ «ለምን?» እያለ እያለቀሰ ከመኪና የምታወርዱት፣ እነዚህን ሰዎች እወቋቸው። ብዙ የሚነግሯችሁ አላቸው።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ሁላ ጭፈራ ብቻ አይደለም። ግጥሙ ነው ዋናው። እጁ የሚናገረው ግጥሙን ነው፤ የዝናቡን ስም፣ የነፋሱን ስም፣ የንጉሡን ዘር። ሚስዮናውያኑ ጸያፍ ነው አሉ፤ ክርስትናን የተቀበሉት ንግሥት ካአሁማኑ በ1830 በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከሉ። በየገጠሩ ተደብቆ ኖረ። ንጉሥ ካላካዋ በ1883 በዘውድ በዓላቸው ላይ ለሕዝብ መልሰው አወጡት፤ ለዚህም በነጮቹ ጋዜጣ ተሰደቡ። ዛሬ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ሂሎ ከተማ ውስጥ በእሳቸው መታሰቢያ ታላቅ የሁላ በዓል ይደረጋል። ያ እኛ የለበስነው የሣር ቀሚስ ደግሞ የሃዋይ እንኳ አይደለም፤ ከሌሎች የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጣ ነው፤ ቱሪስት ስለወደደው ቀረ። እስክስታችንን የማያውቅ ሰው የሆነ ነገር ለብሶ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ሲሳቅበት ብናይ ምን ይሰማናል? ያንን ነው የምለው።

ዋይኪኪ ስትሄዱ፣ መሄዳችሁ አይቀርም፣ ቆሙና እግራችሁ ሥር ያለውን አስቡ። ዋይኪኪ ማለት የሚፈልቅ ውሃ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሆቴል የቆመበት የዓሣ ኩሬና የጎደሬ ማሳ ነበር። አዎ፣ ጎደሬ! ወላይታና ጋሞ ያደጋችሁ የምታውቁት ጎደሬ። እነሱ ካሎ ይሉታል፤ ቀቅለውና ወቅጠው ፖይ የሚባል እንደ ገንፎ ያለ ነገር ይሠሩበታል። በተረታቸው መሠረት ሞቶ የተወለደ የበኩር ልጅ ተቀብሮ ጎደሬ ሆኖ በቀለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የተወለደው ሰው ነው። ስለዚህ ጎደሬ ታላቅ ወንድማቸው ነው። በ1920ዎቹ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ተመጠጠ፤ ማሳው በአፈር ተሞላ። ገበያ ላይ ፖይ ስትቀምሱ ፊታችሁን አታጨማድዱ፤ የሰው ወንድም ነው። ኮና የሚባለው ዝነኛ ቡናቸው ደግሞ ዘሩ ከእኛ የወጣ ነው፤ በብራዚል በኩል ዞሮ በ1820ዎቹ ገባላቸው። ይህን ለገበሬዎቹ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ሁለት ስኒ ጨመሩልኝ።

ላስ ቬጋስ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ ሃዋይ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሃዋያውያን ከተማችሁን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል። ቤትና መሬት ስለተወደደባቸው ከአገሩ ተወላጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዛሬ ከደሴቶቹ ውጭ ነው የሚኖሩት። ካሲኖ ውስጥ አብረዋችሁ ፈረቃ የሚገቡ አሉ። የእኛ ሰው አገሩን ናፍቆ እንጀራ ፍለጋ ከተማ ሲዞር፣ እነሱ ፖይ ፍለጋ ይዞራሉ። ተዋወቁ። ሻይ ጠጡ።

በ1993፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ይቅርታ ጠየቀ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፈረሙበት። ሰነዱ ራሱ 1.8 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን የዘውዱና የመንግሥቱ መሬት ያለ ሕዝቡ ፈቃድና ያለ ካሣ መወሰዱን ይናገራል። መሬቱ ግን አልተመለሰም። ይቅርታው መሬቱን ለማስመለስ የሚያስችል ሕጋዊ መብት አልሰጠም። ይህ ለእኔ የሚያመው ክፍል ነው፤ በጽሑፍ አምነህ ያመንከውን አለመመለስ።

አሁን የምለምናችሁን ልናገር። አትሂዱ አልልም። አንዳንድ ሃዋያውያን አትምጡብን ይላሉ፤ ምክንያታቸውን ስሙ፣ ውሃውና ቤቱ በእንግዳ ምክንያት ሲወደድባቸው እነሱ ናቸው የሚለቁት። ከሄዳችሁ ግን እንደ እንግዳ ሂዱ። እኛ እንግዳ ማክበርም እንግዳ ሆኖ መከበርም እናውቃለን። ገንዘባችሁን ሁሉ ሆቴሉ ውስጥ አትጨርሱ፤ ከአገሬው ገበሬ፣ ከአገሬው ጥልፍ ሠሪ፣ አበባ ከምትጎነጉነው እናት ግዙ። እውነተኛው የአበባ ሐብል፣ ሌይ የሚሉት፣ በእጅ አበባ በአበባ ይሰካል፤ ሲሰጧችሁ እፊታቸው አታውልቁት፣ ስትጨርሱም ቆሻሻ ላይ አትጣሉት። ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ አንሥታችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ማዊ ላይ ላሃይና ከሄዳችሁ፣ በኦገስት 2023 መቶ ያህል ሰው በእሳት ያለቀበት ነው፤ የነገሥታቱ መናገሻ የነበረ ከተማ ነው፤ ካሜራውን አስቀምጡት።

ሠርግ አዘጋጆች፣ እባካችሁ ያን የፕላስቲክ ቀሚስ ተዉት። የሃዋይ ምሽት ካላችሁ፣ እዚሁ ሲያትልም ሆነ ቬጋስ ሃላው የሚባሉ የሁላ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከፍላችሁ ጋብዟቸው፣ መጥተው ራሳቸው ያሳዩን፣ እኛም እስክስታውን እናሳያቸው። የኮሚዩኒቲ መሪዎች፣ የልጆቹ የክረምት ፕሮግራም ላይ አንድ ቀን ያን የፊርማ ገጽ በስክሪን አሳዩ። ልጆቹ ስም ያንብቡ። ቋንቋውን አለማወቃቸው ችግር የለውም፤ ሲነበብ እንደተጻፈው ነው።

ሆኖሉሉ ከሄዳችሁ ደግሞ ግማሽ ቀን ለኢኦላኒ ስጡ። የሚዘጋበት ቀን ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ወለሉ እንዳይጫር በጫማችሁ ላይ የጨርቅ መሸፈኛ ይሰጧችኋል፤ አድርጉት። ፎቅ ስትወጡ የአልጋ ልብሱ ጋ ሰው ይሰበሰባል፤ ተራ ጠብቁ። ጠጋ ብላችሁ መሐሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከፍ አድርጋችሁ ያዟቸው፤ ከታች ሆነው አይታያቸውም።

አክባሪ እህታችሁ፣ ከሲያትል